የክርስትና ስሙን ጠይቁት

መጀመሪያ ያየችው ምስራቅ ናት። ምስራቅ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ከጓሮዬ አጥር ማዶ የምትኖረው፣ ህልም ማየትን እንደ ሥራ የያዘች ሴት ናት። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «እትዬ የሺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አየሁ መሰለዎት» ትለኛለች። እኔ ለገበያ የማወጣውን ጌሾ እያሰጣሁ፣ ገና ሳትጨርስ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እላታለሁ። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? ጥሩ ነው ካልኳት እሷም ደስ ይላታል፣ እኔም እገላገላለሁ። አንድ ጊዜ እባብ አየሁ ስትለኝ ገንዘብ ነው ብዬ ፈትቼላት፣ ገንዘቡ ሳይመጣ ስለቀረ እስከ ዛሬ ታማኛለች።

የዚያን ዕለት ግን ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«ወታደር ነው» አለችኝ። «ደጄ ላይ ቆሟል። ፊቱን በፎጣ ስለጠመጠመው ዓይኑ እንኳ አይታይም። ‹ቁራሽ እንጀራ ስጡኝ› አለኝ። ደግሞ እኮ በኽምጣና ነው የተናገረኝ! እኔ ኽምጣና የት አውቄ? ግን ገባኝ።»

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት። አልበላም እኮ! በፎጣው ጫፍ ቋጠረና ሄደ። ወደ ታች፣ በአበርገሌ መንገድ።»

«ጥሩ ነው» አልኳት። እንዴት አድርጌ ጥሩ እንደማደርገው ግን እኔም አላወቅሁም።

ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ልጁ የተመለሰለት ሰው ይደግሳል፤ ልጁ ያልተመለሰለት ደግሞ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ይወርዳል። ከኛ ሰፈር አብረው የሄዱት ሁለት ናቸው፤ የኔ ልጅ ደሴና የጎረቤቴ የእማዋይሽ ልጅ ምስክር። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ በአንድ ቀን የተመዘገቡ፣ በአንድ መኪና ተጭነው የሄዱ ልጆች ናቸው። የኔ መጣ። በሁለት እግሩ መጣ፣ በሁለት እጁ አቀፈኝ፤ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባው። የእማዋይሽ ልጅ አልመጣም፤ ሞቷል ያላትም የለም።

ደሴ የመጣ ዕለት እማዋይሽ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ሮጣ መጥታ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። «ምስክርስ?» አለችው። ደሴ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ «ሌላ ቦታ ተመድቦ ተለያየን። ይመጣል» አላት። እሷም አመነች። እኔም አመንኩ፤ ለምን አላምን?

የኔም ልጅ ቢሆን መጣ እንጂ አልገባም። ቀን ይተኛል፣ ማታ ይተኛል፤ ሲነሣ ግን ከጽጽቃ በእግሩ እንደመጣ ሰው ደክሞት ነው የሚነሣው። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ሳስተካክልለት እግሩን አየሁት። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ አቧራ ለብሷል። ከቤት ከወጣ ሰንብቷል፤ እግሩንም ትናንት በሙቅ ውሃ ያጠብኩለት እኔው ነኝ። ምግብ ሳቀርብለት ደግሞ ግማሹን ይበላና ግማሹን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ይላል። የወታደር ቤት አመል ነው፣ ይተወዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባሌን ከቀበርኩ በኋላ እኔ ከዚህ ልጅ ሌላ የለኝም። ስዕለቴ ሁሉ አንድ ሆነ፤ ልጄ እንደ ድሮው ሆኖ ቤቱ እንዲገባልኝ፣ ተኝቶ እንዲያርፍልኝ፣ በልቶ እንዲጠግብልኝ።

ከምስራቅ ቀጥሎ ያየው ይግዛው ነው። ይግዛው ባለ ወፍጮው፣ ከዱቄትና ከናፍጣ በቀር በምንም የማያምን ሰው ነው። እህል ላስፈጭ ብሄድ ሞተሩን አጥፍቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ተቀምጦ አይቼው ስለማላውቅ «ናፍጣ አለቀ እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ የሺ፣ ኽምጣና ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

«የእናቴ ቋንቋ ነው። ምነው?»

አንድ ቃል ነገረኝ። እሱ በኽምጣና እንኳን ሊያወራ ደህና አደራችሁ ማለት የማይችል ሰው፣ ቁራሽ የሚለውን ቃል ልክ እንደ አያቴ አድርጎ ጠራልኝ።

«ማን አስተማረህ?»

«ደጄ ላይ የቆመው ወታደር» አለና ፊቱን በሁለት እጁ አሸው፤ ዱቄቱና ላቡ ተለውሶ ሊጥ መሰለ። «ዳቦ ሰጠሁት። አልቀመሰውም። ቋጥሮ ሄደ።»

እህሌን ሳላስፈጭ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቤት ቤት ዞረ። አንዱ አየሁ ሲል ሌላው «አንተም?» ይላል። ሰው ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት በሩ አጠገብ ቁራሽ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ጠዋት ሲያየው ቁራሹ እንዳለ ነው፣ ህልሙ ግን መጥቶ ሄዷል። አንዲት አራስ እንቅልፍ ፈርታ ጡቷ እስኪደርቅ ነቅታ አደረች። ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ሲሏት «እናንተ ተኙለት» አለች።

ሁሉም ቤት መጣ። ያልመጣበት ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የእማዋይሽና የኔ።

የሰፈሩ ሰው ለመፍታት ጊዜ አልፈጀበትም። ወታደር ነው፣ ርቦታል፣ ደጅ ለደጅ ይለምናል። ይህ ተዝካሩ ያልወጣለት ሙት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከሰፈሩ ያልተመለሰ ወታደር ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይግዛውና ምስራቅ፣ ሌሎችም የሰንበቴ ሰዎች ተሰብስበው እማዋይሽ ቤት ሄዱ። እኔንም ጎረቤት ነሽ ብለው ወሰዱኝ።

እማዋይሽ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ከጭኗ ሳታወርድ ሰማቻቸው። ይግዛው እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እህት ዓለም፣ ነፍስ እየተንከራተተች ነው። እኛም እናዋጣለን። ጠላውን ሴቶቹ ይጠምቃሉ፤ አንቺ ፈቃድሽን ብቻ…» ሲል ቀና አለች።

«የማን ነፍስ?»

ማንም ስሙን ሊጠራ አልደፈረም።

«መርዶ ሳይነገረኝ ተዝካር ላውጣ?» አለች። «ልጄ ቢሞት እናቱን ዘሎ ይግዛው ቤት ዳቦ ይለምናል? እዚህ ነኝ እኮ! በሬን ዘግቼ ተኝቼ አላውቅም። ደግሞስ በኽምጣና ነው የሚለምነው አላላችሁም? ልጄ ኽምጣና አያውቅም። ከላስታ አዝዬው ስመጣ ገና ጥርስ አላበቀለም፤ እዚህ አድጎም አማርኛ ብቻ ነው የሚናገረው።»

«ሙታን ቋንቋ አይቸግራቸውም» አለች ምስራቅ።

«አንቺን ግን ሥራ መፍታት ቸግሮሻል!» አለቻትና ሰፌዱን ይዛ ተነሣች። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። ሁላችንም በሩን ተጋፍተን ወጣን። እኔ ምስሩን ላግዛት ብዬ ወደ ኋላ ብቀር «አንቺም ሂጂ፣ ልጅሽ ቤት የገባልሽ» አለችኝ። ከፍቶኝ ሄድኩ። ልጄ ቤት እንዳልገባልኝ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ልጇ ላልመጣላት ሴት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል?

ነገሩ መሪጌታ አሥራተ ማርያም ጆሮ ደረሰ። የኔታ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ግቢ ዋርካው ሥር ሰው ከቧቸው አፍ ላፍ እየተናጠቀ ሲነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ስሙን ጠይቃችሁታል?» አሉ።

«የማንን?»

«የመጣውን ነዋ። ሰው ደጃችሁ ሲቆም ማን ነህ አትሉም? ተዝካር በግምት አይወጣም። ነፍስ በጸሎት የምትጠራው በክርስትና ስሟ ነው፤ በዚህ ዓለም ስም የጠራችሁ እንደሆነ ጸሎቱ ሌላ ደጅ ያንኳኳል። ዳግመኛ ሲመጣ የክርስትና ስሙን ጠይቁት።»

«በህልም እንዴት ይጠየቃል የኔታ? አፌ እኮ አይታዘዘኝም» አለ ይግዛው።

የኔታ መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው አውልቀው ሰጡት። «ይህን ጨብጠህ ተኛ። አቡነ ዘበሰማያትን እየደገምክ እንቅልፍ ይውሰድህ። ስታየው መቁጠሪያው ያስታውስሃል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት ጎራ እያለ «መጣ ወይ?» ይለው ጀመር። ይግዛው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ እንቢ አለው። የሰው ሁሉ ዓይን እንቅልፉ ላይ ያረፈበት ሰው እንዴት ይተኛል? በመጨረሻ የሰንበት ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሰው ጠበል ጻዲቁን ሲጠብቅ፣ ይግዛው ፊቱ አመድ መስሎ በሴቶቹ በር በኩል ገባ። እማዋይሽም ነበረች። ከሰፈሩ ሰው ጋር መነጋገር ከተወች ወዲህ ከግንቡ ሥር ብቻዋን ነበር የምትቆመው።

«ጠየቅኩት» አለ ይግዛው። «ነገረኝ።»

የኔታ እጃቸውን አነሡና ሰዉን ዝም አሰኙት።

«ወልደ ኢየሱስ ነኝ አለኝ።»

እማዋይሽ እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም፤ ከጥምቀት ታቦት ፊት እንኳ አልሰማሁም። ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ልጄ አይደለም! የልጄ ስም አይደለም! ምስክሬ አለ!» እያለች ትዞራለች። አንዷ «ታዲያ የሱ ማን ነው?» ብትላት «የልጄን የክርስትና ስም ለናንተ አፍ አልሰጥም! ክርስትና ያነሣው አባቱ በላስታ አፈር ለብሷል፤ የማውቀው እኔ ነኝ፣ የሚያውቀው እሱ ነው፣ በቃ!» አለች። ደግሞ እልልታዋን ቀጠለች።

እኔ ቆሜ ነበር። ልጄን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣሁት እዚያው ግቢ፣ እዚያው በር ላይ ነው። የኔታ ስንቱን ሕፃን ስም አውጥተውለት ይህን የት ያስታውሱታል? እናት ግን አትረሳም።

«አፍህ ይታጠፍ!» ብዬ ይግዛው ላይ ጮህኩ። «ወልደ ኢየሱስ የኔ ልጅ ነው! ደሴ ነው! ቤቴ ተኝቷል፤ እየተነፈሰ ትቼው ነው የመጣሁት! ማንን ነው ሙት የምትለው አንተ ዱቄታም?»

የእማዋይሽ እልልታ ጉሮሮዋ ላይ ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከዚያ በኔና በነሱ መካከል ቦታው ቀስ እያለ ሰፋ፤ ማንም ሸሸሁ ሳይል ሁሉም ሸሸ።

ቤቴ እስክደርስ ሮጥኩ። ደሴ ተኝቷል። አፍንጫው ሥር እጄን ብዘረጋ ትንፋሹ ሞቅ ይላል። ግንባሩ ላይ ያለችውን፣ በሕፃንነቱ ከመደብ ወድቆ የቀረችበትን ጠባሳ ፈለግኋት፤ አለች። ልጄ ነው። ቢሆንም አላመንኩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሲነሣ ፀሐይ ላይ አቁሜው ጥላውን አየሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጌሾዬን የሚገዛኝ ጠፋ። ምስራቅ አጥሩ ላይ ብቅ ማለቷን ተወች፤ የዚያች ሴት ህልም ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ደሴ በር ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ አላፊው ያማትባል። «ሞቶ የመጣ ነው» ይላሉ። «የመጣው ጥላው ነው» ይላሉ። የኔታ ራሳቸው ጠበል ይዘው መጡልኝ። ረጩት፣ አጠጡት፣ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉት። ደሴ አልጮኸም፣ አልተንቀጠቀጠም። «አመሰግናለሁ የኔታ» ብሎ መስቀሉን ተሳለመና ተመልሶ ተኛ።

የኔታን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። «ልጅሽ ምንም የለበትም፤ ሰው ነው» አሉኝ። «ግን እንቅልፉ እዚህ የለም።»

«የት ነው ያለው?»

«እሱን አንቺ ጠብቂና እይ» ብለውኝ ሄዱ። ተናደድኩባቸው። የተማረ ሰው እንዲህ ብሎ ይሄዳል? ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ፤ ጠበቅሁ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐዩ በር ላይ ተዘርግቷል፣ ዶሮዎቹ ጥላ ገብተዋል። ደሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። መኝታውን ላጸዳለት ትራሱን ከፍ ባደርገው አንድ ቋጠሮ ፎጣ አገኘሁ። የወታደር ፎጣ ነው፣ ይዞት የመጣው። ፈታሁት። ቁራሽ ነው። የኔ እንጀራ ቁራሽ አለ፣ የደረቀ፣ ወደ ጎን እያለ የሚያስቀምጠው። ከሥሩ ግን የኔ ያልሆነ አለ። ጥቁር አዝሙድ የበዛበት ድፎ ዳቦ፣ ምስራቅ ካልሆነች እንዲህ ማንም አያበዛም። የዳጉሳ ቂጣ አለ። ዳጉሳ እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም። አንዱ ቁራሽ ገና ትኩስ ነበር።

ፎጣውን ታቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ፤ እማዋይሽ ናት። በአገልግል ገንፎ ይዛለች።

«ይቅር በይኝ የሺ» አለች ሳትቀመጥ። «ባንቺ ላይ እልል አልኩ። እኔ እኮ ስለ ልጄ ነው እንጂ…»

«ተቀመጪ» አልኳት። ቁራሹን አሳየኋት። ድፎውን አንሥታ አሸተተችው፣ ከዚያ ደሴን አየችው። ያን ጊዜ ደሴ በእንቅልፉ መናገር ጀመረ። ድምፁ ደጅ እንደሚለምን ሰው ዝግ ያለ ነው።

«ምን ይላል?» አለችኝ፤ ኽምጣና አትሰማም።

«‹የቤቱ ባለቤቶች፣ ቁራሽ ስጡኝ› ነው የሚለው።»

ለሁለታችንም ገባን። ሙት አልነበረም የሚዞረው። የልጄ እንቅልፍ ነው፤ ሥጋው እዚህ ተኝቶ እንቅልፉ ደጅ ለደጅ ይለምናል። ስሙን ሲጠይቁትም የራሱን ስም ነገራቸው፤ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ልጄ በሕይወት አለ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ቤቱ እንጀራ ሞልቶ ለምን ይለምናል?

አማቴ ነፍሷን ይማረውና፣ የሚቃዥን ሰው ትንሿን ጣቱን ይዘው በሚናገርበት ቋንቋ ቢጠይቁት እውነቱን ይመልሳል ትል ነበር። በስሙ ከጠሩት ግን ደንግጦ መመለሻው ይጠፋዋል። ትንሿን ጣቱን ያዝኩ። የቤት ውስጥ ሰው ጣት ሳይሆን ከውርጭ የገባ ሰው ጣት ነበር።

«ለማን ነው በይው» አለችኝ እማዋይሽ። «አይበላውም አሉ እኮ። ለማን እንደሚወስደው ጠይቂው።»

በኽምጣና ጠየቅኩት፤ «ይህን እንጀራ ለማን ነው የምትወስደው?»

ደሴ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ ልጄ ምን እንዳለ እንጂ ሌላ አላሰብኩም፤ ወደ እማዋይሽ ሳልዞር ቃል በቃል ነገርኳት።

«‹ለገብረ አምላክ ነው። ርቦታል። ከድንጋዩ ሥር ትቼው ነው የመጣሁት፤ የስንቅ ኮቾሮው አልቆብን ነበር፣ እመጣለሁ ብዬው ነው› ይላል። ገብረ አምላክ የሚባል ጓደኛ ይኖረው ይሆናል። እኔ አላውቀውም። ስሙንም ሰምቼ አላውቅ።»

ዞር አልኩ።

እማዋይሽ ገንፎውን መሬት ላይ አስቀምጣ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እንደ ሕፃን አፏን ከፈት አድርጋ ታየኛለች። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም ነበር፤ ሞኝ ነኝ፣ የገዛ ልጄ ጭንቀት ዓይኔን ሸፍኖታል።

«የልጄ ስም ነው» አለች።

«የምን?»

«ገብረ አምላክ የምስክር የክርስትና ስም ነው። ሲሄድ በጆሮው ነግሬዋለሁ። ለሰው አትንገር፣ ይደግሙብሃል ብዬዋለሁ። የምትነግረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ነፍስህ ልትወጣ ስትል፣ ለፍትሐት እንዲሆንህ ለአጠገብህ ሰው ንገር ብዬዋለሁ።» ደሴን አየችው። «ነግሮታል።»

እኔ ነኝ መርዶውን ያረዳኋት። ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ጎህ ሳይጠበቅ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ሳይቆም፣ ቃል በቃል ተርጉሜ ልጇን ያረዳኋት እኔ ነኝ። ምላሴን መንቀል አማረኝ። ላቅፋት ተነሣሁ፤ እሷ ግን በእጇ ቆይ አለችኝና ወደ ደሴ መኝታ ተጠጋች። ቋጠሮውን ከእጄ ወሰደች። የበተንኩትን ቁራሽ አንድ በአንድ ለቅማ መልሳ ቋጠረችው። ከዚያ የደሴን ትንሽ ጣት እሷ ያዘች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ የት ሆኖ እንደሰማት እሱ ያውቃል።

«አምጣ ልጄ» አለችው። «አደረስክ። ከዚህ ወዲያ እኔ አደርስለታለሁ። አንተ ተኛ።»

ደሴ ትንፋሹን ለቀቀው። እስከዚያች ሰዓት ይዞት እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጣቱ ሞቀ፣ ትከሻው ወረደ፣ ከግድግዳው ዞሮ በጀርባው ተኛና አንኮራፋ። ልጄ ከመጣ ጀምሮ አንኮራፍቶ አያውቅም ነበር።

እማዋይሽ ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሸረጠች። በሩን ልጁ እንዳይነቃ በዝግታ ገፋችው። ግቢዬን በቀስታ አቋረጠች፣ የራሷን ግቢ በር ከፍታ ገባች፣ መዝጊያውንም መለሰች። ጩኸቷን ያን ጊዜ አወጣችው። ሰፈሩ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ሮጠ። መጀመሪያ የደረሰችላት ምስራቅ ናት፤ ደርሳም ደረቷን እየመታች አብራት ወደቀች። ደሴ በዚያ ሁሉ ለቅሶ ውስጥ አልተገላበጠም።

ያን ሌሊት በሰፈሩ ማንም ምንም አላየም። ከዚያም በኋላ አላየም።

ደሴ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ነቃ። «ርቦኛል እማ» አለኝ። አቀረብኩለት፤ አንዱን እንጀራ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ፣ ወደ ጎን ያደረገው የለም። እግሩን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ውሃ ላቀብለው ስነሣ በበሩ ወደ ውጭ አየና እጁ ቆመ። እማዋይሽ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የኔታ በገብረ አምላክ ስም ፍትሐቱን ሲያደርሱ ድምፃቸው እስከኛ ይሰማል።

ስሙን ሲሰማ ፊቱ ነጣ።

«እማ» አለኝ። «ማን ነገራት?»

ጣሳውን እጁ ላይ አስያዝኩት። «አንተ» አልኩት።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠው። አልጠጣውም። ከዚያ ጋቢውን ለበሰና ተነሣ፤ በህልሙም በእውኑም ያልቆመበት አንድ ደጅ ብቻ ቀርቶት ነበር፣ ወደዚያ ሄደ።